ደረቁ 18፣ እርጥቡ 4፦ የትኛውን ሲቢአር እንያዝ?

ባለፈው የካቲት እዚህ መድረክ ላይ ስለ ሲቢአር፣ የአፈርን ጭነት የመሸከም አቅም ስለሚነግረን ቁጥር፣ አንድ ጥያቄ ጣልኩ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ 16 መልስ መጣበት። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ስድብ ቀረሽ ነው። የውይይቱን ክር አሁን የሚያገኘው ሰው እንዳይጠፋበት በቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ። የመሰለኝንም በየመሃሉ ጣል አድርጌበታለሁ።

የመክፈቻው ጥያቄ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ከጠጠር ወደ አስፋልት በሚያድግ መንገድ ላይ በኮንሰልታንት በኩል የማቴሪያል ሥራ እሠራለሁ። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ የሚለው አለ፣ መረሬ የሚለውም አለ። ከሰብግሬዱ፣ መንገዱ ከሚያርፍበት አፈር፣ ናሙና ወስደን በ10፣ በ30 እና በ65 ምት ጠቀጠቅነው። 4 ቀን ውሃ ውስጥ ከረመ። በ95 በመቶ ጥቅጥቅነት ላይ ሲነበብ ሲቢአሩ 4 ሆነ። በዚያው ሳምንት፣ ናሙናው ከወጣበት ጉድጓድ አጠገብ ዲሲፒ መታን፣ በመዶሻ እየተመታ መሬት ውስጥ የሚገባ ባለ ሾል ዘንግ ነው። ሾሉ በአንድ ምት 14 ሚሊ ሜትር ይገባል። በተለመደው ቀመር ሲሰላ ሲቢአሩ 18 ግድም ነው።

የኮንትራክተሩ መሐንዲስ 18ቱን ያዝ አለኝ። መንገዱ የሚሠራው መሬት ላይ እንጂ በርሜል ውስጥ አይደለም አለ። መልስ አጣሁ። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በዲዛይን ማኑዋሉ ከ3 እስከ 4 ያለ አፈር ኤስ2 ይባላል፣ ከ15 እስከ 29 ያለው ኤስ5። ኤስ2 ከሆነ ከሰብቤዙ፣ ከታችኛው የመንገድ ንጣፍ፣ ሥር ካፒንግ የሚባል ተጨማሪ ንጣፍ ይገባል። ኤስ5 ከሆነ አይገባም። ይህ በጠቅላላው ርዝመት ሲባዛ ስንት ቢያጆ ገረጋንቲ እንደሆነ ሳይት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ እውነተኛው ቁጥር የትኛው ነው?

1ኛ መልስ

ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። በጨዋ ደንብ ሰላም ብሎ ጀመረ። የተነከረውን 4 እንድይዝ መከረኝ፣ ማኑዋሉ የሚያዘው እሱን ነውና። ለምን እንደሆነ ግን አላብራራም። ስሌቱንም አስታወሰኝ። ናሙናውን የሚገፋው ፒስተን 2.54 ሚሊ ሜትር ሲገባ የተነበበውን ጭነት ለ13.2 ኪሎ ኒውተን አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው፣ ሌላ ንባብ አያስፈልግም አለ። ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል በኋላ ታርማለች።

2ኛ መልስ

ሁላችንም እዚህ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መሐንዲስ ናቸው። የጻፉት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ዲሲፒውን ስትመታ የአፈሩ እርጥበት ስንት ነበር?

ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ። ምቱ አለ። ጥልቀቱ አለ። ኪሎ ሜትሩ፣ ግራና ቀኙ፣ የመታው ልጅ ስም ሳይቀር አለ። እርጥበት የለም። እውነቱን ጻፍኩላቸው። እሳቸውም አልተቆጡኝም። ሁለቱም ቁጥር ትክክል እንደሆነ፣ ግን የሚናገሩት ስለተለያየ አፈር እንደሆነ አስረዱኝ። ጥቁር አፈር በየካቲት ደርቆ ጡብ ይሆናል። በነሐሴ ያው አፈር ከጫማ ሥር አይለቅም። ስለዚህ እርጥበቱንና ጥቅጥቅነቱን ሳይናገሩ ሲቢአር መጥራት ኪሎውን ደብቆ ዋጋ እንደመንገር ነው አሉ። እኔ ከዚህ ክር ይዤው የወጣሁት ይህንን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርጥበት ያልተጻፈበት የዲሲፒ ቅጽ አልፈርምም።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። አንዱ ስንጥቅ ውስጥ የብረት ሜትሬን ሰደድኩት። እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ምንም ሳይዘው ወረደ። ከዲሲፒው ቦታ አፈር ቆፍሬ በላስቲክ አስሬ ላብ አስገባሁ። እርጥበቱ 21 በመቶ ሆነ። የተነከረው ናሙና ከገንዳ ሲወጣ 40 በመቶ አልፎ ነበር። 18 እና 4 በዚህ መሃል ነው የተለያዩት።

3ኛ መልስ

እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። ጸሐፊው ኮንትራክተር ነው፣ አልደበቀም። ኮንሰልታንቶች ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ቁጥር እንደሚያሳድዱ፣ ለጥንቃቄያቸው የሚከፍለው ሕዝብ እንደሆነ ጻፈ። አስፋልቱ ከለበሰ በኋላ ዝናብ ሰብግሬዱን አያገኘውም፣ ታዲያ 4 ቀን የነከራችሁት የትኛውን መንገድ ነው ሲል ጠየቀ። አነጋገሩ ሻካራ ነው። ነጥቡ ግን ባዶ አይደለም። አስፋልት የለበሰ መንገድ መሃሉ ላይ ውሃ ውስጥ እንደገባ ናሙና እርጥብ አይሆንም። ይህንን በሐምሌ በዓይኔ አየሁት፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

4ኛ መልስ

በጥገና ሥራ የቆየ ሰው ነው። ለ3ኛው ነው የመለሰው፣ በንዴት። በደረቅ ወራት በተወሰደ ቁጥር የተሠራ መንገድ እንዴት እንደሆነ ተረከ። የመጀመሪያውን ክረምት ደህና አለፈ። በሁለተኛው ክረምት ማግስት ከአስፋልቱ ጠርዝ ሜትር ተኩል ገባ ብሎ ከመንገዱ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ወጣ። መጀመሪያ እስክሪብቶ የሚያስገባ፣ ቆይቶ እግር የሚውጥ። ውሃው የገባው ከላይ አልነበረም። ጠርዙ ሥር ከተቆፈረው ዲች፣ ከውሃ መውረጃው ቦይ፣ ወደ ጎን ነው የገባው። አፈሩ በክረምት አበጠ፣ በበጋ ተኮማተረ፣ ጠርዙን ይዞት ወረደ። መጨረሻ ላይ ኮንትራክተሩ ሂሳቡን ዘግቶ ሲሄድ ስንጥቁን ሬንጅ የሚያጠጡት እነሱ መሆናቸውን አስታወሰው። ቃሉ ከዚህ ይከብድ ነበር፣ እኔ ነኝ ያለሳለስኩት።

5ኛ መልስ

1ኛውን ለማረም የገባ ነው። 2.54 ላይ ብቻ አይቆምም። 5.08 ሚሊ ሜትር ላይም ይነበባል፣ የሚካፈለውም ለ20 ኪሎ ኒውተን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የ2.54ቱ ይበልጣል። የ5.08ቱ ከበለጠ ሙከራው ይደገማል፣ ሲደገምም ከበለጠ እሱ ይያዛል። ሌላም ጨመረ። የግራፉ መነሻ ወደ ላይ የታጠፈ ከሆነ ዜሮውን ማስተካከል ግዴታ ነው፣ ፒስተኑ መጀመሪያ ላይ የናሙናውን ገጽ በደንብ ሳይነካ ቀርቶ ይሆናልና። የእኔን ወረቀት አውጥቼ አየሁ። በ2.54 ላይ 0.53 ኪሎ ኒውተን፣ በ5.08 ላይ 0.76። የመጀመሪያው 4፣ ሁለተኛው 3.8። ደህና ነው።

6ኛ መልስ

የ1ኛው ወጣት ተመልሶ አመሰገነ። ሥራ ቦታው ላይ የ5.08ቱን ሳያዩ ሲያልፉት ሁለት ዓመት እንደሆነው ጻፈ። ይህንን በአደባባይ ለመጻፍ ልብ ይጠይቃል።

7ኛ መልስ

ከሁሉም የወደድኩት ይህንን ነው። የጻፈችው ሴት አፈር ላብ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሠርታለች። ስለ ቁጥሩ ከመጨቃጨቃችን በፊት ቁጥሩ ከየት እንደሚወጣ እንይ አለችና ገንዳው አጠገብ ወሰደችን።

ሞልዱ፣ አፈሩ የሚጠቀጠቅበት የብረት ዕቃ፣ 152 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። አፈሩ በ5 ንጣፍ ይጠቀጠቃል። መዶሻው 4.54 ኪሎ ነው፣ ከ457 ሚሊ ሜትር ከፍታ ነው የሚወድቀው። ከላይ ቀዳዳ ያለው ሳህን፣ በሳህኑ ላይ ቢያንስ 4.54 ኪሎ የሚሆን የቀለበት ክብደት ይቀመጣል። ክብደቱ በአፈሩ ላይ የሚያርፈውን የመንገድ ንጣፍ ወክሎ ነው የሚቀመጠው። እሷ እንደነገረችን ብዙ ላብ ውስጥ ቀለበቶቹ ጎድለዋል። አንዱ ጠፍቷል፣ አንዱ በር መያዣ ሆኗል። በቀይ አፈር ላይ ይህ ብዙ ላይታይ ይችላል። ጥቁር አፈር ላይ ግን የሚጫነው ካጣ ወደ ላይ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይላላል፣ ሲቢአሩም ከሚገባው በታች ይወርዳል።

ቀጥላ ወደ 4ቱ ቀን መጣች። ረቡዕ የገባ ሞልድ መውጣት ያለበት እሑድ ነው። እሑድ ላብ ዝግ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ይወጣል፣ ቅጹ ላይ ግን 96 ሰዓት ይጻፋል። ከባድ ሸክላ ውስጥ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አንድ ጊዜ በ3 ቀን የወጣ ናሙና ፈተነች፣ ከዚያ ከሞልዱ አውጥታ ለሁለት ሰነጠቀችው። ዳርና ዳሩ አብረቅራቂ ጭቃ፣ መሃሉ ገና ደረቅ ያለ፣ ቀለሙ የፈዘዘ። በቢላዋ ስትነካው መሃሉ ይፈረፈራል፣ ዳሩ ቢላዋው ላይ ይለጠፋል። ያን ቀን ፒስተኑ የገፋው የትኛውን እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም አለች። እሷ ሞልድ የምትነክረው ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ዓርብ ብቻ ነው።

እብጠቱንም ጠየቀችኝ። ዳያል ጌጁ ላይ ያነበብነው 7 ሚሊ ሜትር ነበር። የናሙናው ቁመት 116 ነው፣ ስለዚህ 6 በመቶ። ከ2 በመቶ በላይ ያበጠ አፈር ለሙሌት እንደማይሆን ብዙ ስፔሲፊኬሽን ላይ አለ። እኔ 4ቱ ላይ ዓይኔን ተክዬ 6ቱን አልፌው ነበር። እንደ እሷ አባባል አስደንጋጩ ቁጥር እሱ ነው። ቀጥታ ቢሆንም ልክ ናት።

8ኛ መልስ

ቨርጂኒያ የሚኖር የአገራችን ልጅ ነው፣ እዚያ የመንገድ ማቴሪያል ላብ ውስጥ ይሠራል። ታሪኩን አመጣልን። ሙከራው ስሙ እንደሚለው ከካሊፎርኒያ ነው። በ1928 እና 29 እ.ኤ.አ. ኦ. ጄ. ፖርተር የተባለ መሐንዲስ የሚበላሹ መንገዶችን ሲያጠና ያወጣው ነው። 100 የሚባለው የዚያው አገር የተፈጨ ድንጋይ ጥንካሬ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ለአውሮፕላን ማረፊያ ወሰዱትና ዓለምን አዳረሰ። ዛሬ እዚያ ዲዛይን የሚሠራው በሬዚሊየንት ሞጁለስ ነው፣ አፈሩ በተደጋጋሚ ጭነት ሥር ምን ያህል ተመልሶ እንደሚነሳ የሚለካው። ያም ሆኖ ዝቅተኛ ሲቢአርን በ1500 አባዝቶ ሞጁለሱን በፒኤስአይ፣ በአሜሪካኖቹ የግፊት መለኪያ፣ መገመት ገና አልቀረም። ታዲያ እናንተ እስከ መቼ በፒስተን ትቆያላችሁ ብሎ ጨረሰ።

9ኛ መልስ

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንዱን አስቆጣው። ሞጁለሱን የሚለካውን ትራያክሲያል ማሽን በሻንጣ ይዘህ ና አለው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ኦቨኑ ቆሞ እርጥበት ለመለካት ሁለት ቀን በሚጠበቅበት ሳይት ፒስተን የሚያሳፍር ነገር አይደለም አለ። የተናደደበት ይገባኛል። ግን የቨርጂኒያው ልጅ በንቀት የጻፈው አልመሰለኝም።

10ኛ መልስ

የጎጃሙን ወደ ሌላ ጫፍ የወሰደ ሰው ነው። ሰመራና ዱብቲ አካባቢ ሠርቷል። ዓመታዊ ዝናቡ 250 ሚሊ ሜትር በማይሞላ አገር፣ የከርሰ ምድር ውሃው ጥልቅ ከሆነ፣ 4 ቀን መንከር ገንዘብ መንከር ነው ይላል። ለእንዲህ ያለ ደረቅ አገር የዲዛይን እርጥበቱ ዝቅ ብሎ እንደሚወሰድ መመሪያዎቹ ራሳቸው ይፈቅዳሉ። ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ ከሆነ ግን ያው ጎጃም ነው አለ። ለ3ኛው ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው መልስ ይህ ነበር። 3ኛው ግን አላየውም መሰለኝ።

11ኛ መልስ

ከርዕስ ወጣ። ቦሌ ቡልቡላ ቤት የሠራ ሰው አጥሩ በየዓመቱ እንደሚሰነጠቅ፣ ግንበኛው ደግሞ ሲሚንቶው ነው እንደሚለው ጽፎ ምን ላድርግ አለ። ሲሚንቶው አይደለም ወንድሜ። መሠረትህ ጥቁር አፈር ላይ ሳይቀመጥ አልቀረም።

12ኛ መልስ

ለአጥሩ ሁለት መስመር ሰጠና ወደ መንገዱ ተመለሰ። ጥቁር አፈርን ቆርጦ ከማውጣት ይልቅ በኖራ ማከም እንደሚቻል አነሳ። ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚሆን ኖራ ሲቀላቀል አፈሩ መጣበቁን ይተዋል፣ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሲቆይ ደግሞ ይጠነክራል። ችግሩ ማቀላቀሉ ላይ ነው። ጓሉ ካልደቀቀ ኖራው ጓሉን ከላይ ቀብቶት ይቀራል። ከዚያ የነፋሱ ጉዳይ አለ። ኖራ በተበተነበት ቀን ነፋስ ተነስቶ የሠራተኞቹን ዓይን እንዴት እንዳቃጠለ ተረከ፣ መነጽር የታደለው ለግማሹ ብቻ ነበር። መነጽር ለሁሉም ካልተዳረሰ ኖራ ባይበተን ይሻላል። ይህንን እዚህ ደግሜ የምጽፈው አውቄ ነው።

13ኛ መልስ

3ኛው ተመለሰ። ለ7ኛዋ ከላብ ወጥታ እንደማታውቅ፣ ሳይት ላይ ሰኞና ዓርብ የሚባል ነገር እንደሌለ ጻፈላት። ሌላም ቃል ነበረው፣ አልደግመውም። እሷ አልመለሰችለትም።

14ኛ መልስ

ጋሼ ናቸው። መጀመሪያ 3ኛውን በስሙ ጠርተው ልጄ ብለው ገሠጹት። በዚህ መድረክ ላይ ሥራዋን ከሁላችን አጥርታ የነገረችን እሷ እንደሆነች፣ ይቅርታም እንዳለበት ነገሩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ገበሬዎቹን ጠይቀሃል ወይ አሉ።

አገራችን ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲህ ያለ አፈር አለ። ጎጃሜው ጤፍ የሚዘራበት ነው። ገበሬው ውሃው የት እንደሚተኛ ስለሚያውቅ በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፣ ውሃውን አግድም ቆርጦ ወደ ታች ይሸኘዋል። መንገዱ ሲመጣ ፈሰሶቹን ይቆርጣል። የሃያ ማሳ ውሃ አንድ ዲች ውስጥ ይገባል። ዲቹ ደግሞ መንገዱ እግር ሥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ፈሰሶቹ የሚያልቁበትን ቦታ እንዲሆን፣ ዲሲፒውን እዚያ እንድመታ፣ በየካቲት ሳይሆን በሐምሌ እንድመታ መከሩኝ።

15ኛ መልስ

የእኔው ነው። በሐምሌ አጋማሽ ሄድኩ። ሦስት ሰው ሆነን ነው፣ አንዱ ዘንጉን ያቀናል፣ አንዱ 8 ኪሎውን መዶሻ ያነሳል፣ እኔ አነባለሁ። አንድ ሽማግሌ ፈሰሶቹ የሚገናኙበትን በእጃቸው አሳዩን። ዲቹ ውስጥ ውሃ ቆሟል። ጠርዙ ላይ ስንመታ በመጀመሪያው ምት ዘንጉ ሲሰምጥ የያዘው ልጅ ደንግጦ ቀና አለ። አማካዩ በአንድ ምት 55 ሚሊ ሜትር መጣ። ሲቢአር 4 ማለት ነው። እርጥበቱ 40 በመቶ።

ከዚያ በአሮጌው ጠጠር መሃል፣ ጠጠሩን እስከ አፈሩ ቆፍረን አውጥተን መታን። 31 ሚሊ ሜትር። ሲቢአር 8። እርጥበት 29። ልዩነቱ በ4 ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮንትራክተሩ ስለ መሃሉ ያለው ከፊሉ እውነት ነበር፣ የጥገናው ሰው ስለ ጠርዙ ያለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ። ጎማው ግን ጠርዙንም ይረግጣል። ሪፖርቱ ላይ ዲዛይኑን በ4 አስገባሁ። ከሱ ጋር ዲቹ ከሙሌቱ እግር እንዲርቅ፣ ትከሻውም አስፋልት እንዲለብስ ጠየቅሁ። ሁለቱንም የምት ወረቀት፣ የየካቲቱንና የሐምሌውን፣ ከነእርጥበታቸው እዚህ ላይ ለጠፍኩ።

16ኛ መልስ

3ኛው ነው። ለ7ኛዋ በአንድ መስመር ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እንዳያቸው ከጥያቄው ያስታውቃል። የጠርዙን ምት በመታችሁበት ዋዜማ ዘንቦ ነበር ወይ ሲል ጠየቀኝ። አልዘነበም። ከዘነበ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፣ ፀሐይም ወጥታ ነበር። ይህንንም ጻፍኩለት፣ ወረቀቱም ላይ ጨመርኩት።